ከዱባይ የተላከ ገንዘብ በፊሊፒንስ ደሴት ላይ እንዴት ሩዝ ይሆናል?

ጥያቄ፦ «ዱባይ በቤት ሠራተኝነት ስሠራ ስድስት ዓመት ሆነኝ። አብራኝ የምትሠራ ፊሊፒናዊት አለች። ደመወዝ በተቀበልንበት ቀን ማታ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ በስልኳ ገንዘብ ትልካለች፤ ብዙም ሳይቆይ እህቷ ሩዝና ዘይት ገዝታ ፎቶውን ትልክላታለች። ቤተሰቦቿ የሚኖሩባት ደሴት ትንሽ ናት፤ ባንክ የላትም፤ መብራቱም ቀኑን ሙሉ አይኖርም ትለኛለች። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? እኔ በሚቀጥለው ዓመት አገሬ ገብቼ ወልድያ አጠገብ በምትገኘው መንደራችን ሱቅ ለመክፈት አስቤያለሁ። ጥሩ ስማርት ስልክ ይዤ የሞባይል ገንዘብ ወኪል ብሆን እንደዚያ መሥራት እችላለሁ?»

ምላሽ፦

ጥያቄዎ የክፍያ ሥርዓት ላይ የምንሠራ ሰዎች ብዙ ጊዜ የምንዘለውን ነገር የሚነካ በመሆኑ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልዎት። አስቀድሜ መልሱን ልንገርዎትና ምክንያቱን ከዚያ አስከትላለሁ። በዚያች ደሴት ላይ ገንዘቡን ሩዝ የሚያደርገው ስልኩ አይደለም፤ ስልኩ ላይ የመጣውን ቁጥር ተቀብላ ጥሬ ገንዘብና ዕቃ የምትሰጠው ባለሱቋ ናት። ስልክ የሌለው ሰው ሊኖር ይችላል፤ እርሷ ከሌለች ግን ሥራው ሁሉ ይቆማል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፊሊፒንስ 7,641 ደሴቶች ያሏት አገር ስትሆን በ2020 በተደረገው ቆጠራ የሕዝቧ ብዛት 109 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። ባንኮች እንደማንኛውም አገር ቅርንጫፍ የሚከፍቱት ብዙ ገንዘብ በሚዘዋወርበት ቦታ ስለሆነ በ2010ዎቹ መጀመሪያ ከአገሪቱ ከተሞችና ማዘጋጃ ቤቶች ከሲሶው በላይ የሚሆኑት አንድም የባንክ ቅርንጫፍ አልነበራቸውም። በትንሽ ደሴት ለሚኖር ዓሣ አጥማጅ ባንክ መሄድ ማለት ግራና ቀኝ የቀርከሃ ክንፍ ባላት፣ ባንግካ በምትባለው ጀልባ ተሳፍሮ ወደ ትልቁ ደሴት መሻገር፣ የመሳፈሪያ መክፈልና የዚያን ቀን ዓሣ መተው ነበር። ይህን ክፍተት ለረጅም ጊዜ የሞሉት ቀለበት ወይም ሐብል በመያዣ ተቀብለው የሚያበድሩ ቤቶች ናቸው፤ እንደ ሴቡዋና ሉሊየር እና ፓላዋን ያሉት በየገበያው መስኮት ከፍተው ብድሩንም ሐዋላውንም አብረው ይሠራሉ። ዛሬም ቢሆን ስልኩን የማያምን ሰው የሚሄደው ወደ እነርሱ ነው።

ከእነዚህ ቤቶች ይልቅ ለሰው ቅርብ የሆነው ግን ሳሪ ሳሪ የሚባለው የሰፈር ሱቅ ነው። ብዛታቸው ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንደሆነ ይነገራል። አብዛኞቹን የሚሠሩት ሴቶች ሲሆኑ ሱቁም የመኖሪያ ቤታቸው ፊት ለፊት ያለችው ክፍል ናት። በእኛም ሰፈር እንደሚደረገው ሲጋራ በነጠላ፣ ዘይት በትንሽ ላስቲክ፣ ሻምፑ በአንድ መታጠቢያ ልክ ይሸጣል፤ እነርሱ ይህን አሻሻጥ ቲንጊ ይሉታል። የቀን ገቢ ያለው ሰው የሚገዛው የቀን ፍጆታውን ነውና ቲንጊ የድህነት ምልክት ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ገቢና ወጪን የሚያስተካክል የንግድ ዘዴ ነው። የዱቤ ደብተሩም እንደ እኛው ነው፤ ባለሱቋ ማን መቼ እንደሚከፍል፣ የማን ልጅ ውጭ አገር እንዳለና በወሩ ስንተኛ ቀን ገንዘብ እንደሚልክ ታውቃለች። የትኛውም ባንክ ይህን የሚያህል ዕውቀት ስለ ደንበኞቹ የለውም።

ስልክና ሱቅ የተገናኙት በአየር ሰዓት ነው። ቀድሞ የስልክ ካርድ የሚሸጠው በመቶዎች ፔሶ በመሆኑ በቲንጊ ለሚኖር ሰው ውድ ነበር። በ2003 ስማርት የተባለው የስልክ ኩባንያ የአየር ሰዓትን ያለ ወረቀት ካርድ፣ ከባለሱቋ ስልክ ወደ ደንበኛው ስልክ በአጭር መልእክት፣ ከ30 ፔሶ ጀምሮ መሸጥ ጀመረ፤ ተፎካካሪው ግሎብም ተከተለው። ባለሱቋ አስቀድማ በጅምላ የገዛችውን የአየር ሰዓት በስልኳ ይዛ በሽርፍራፊ ትሸጣለች፤ ጥቂት ኮሚሽንም ታገኛለች። ቀጥሎም ደንበኞች የአየር ሰዓት እርስ በርሳቸው እንዲያስተላልፉ ተፈቀደላቸው፤ ለወንድሙ ገንዘብ መላክ ያቃተው ሰው የአየር ሰዓት ይልክለት ጀመር። የሞባይል ገንዘብ ትምህርት ቤት ይህ ነበር ብዬ አምናለሁ። በስልኬ ላይ ያለው ቁጥር እውነተኛ ዋጋ አለው፣ ስልክ ነክቼ ብሰጠው በእጄ ገንዘብ ይቆጠርልኛል የሚለውን ሐሳብ ባለሱቆቹ የተማሩት ማንም ስለ ዋሌት፣ ማለትም በስልክ ላይ ስላለ የገንዘብ ቦርሳ፣ ሳያስተምራቸው፣ ካርድ ሲሞሉ ነው።

በእርግጥ የሞባይል ገንዘቡም ቀድሞ መጥቶ ነበር። ስማርት መኒ በ2001 ገደማ፣ ጂካሽ ደግሞ በ2004 ሲጀምሩ የኬንያው ኤምፔሳ ገና አልተወለደም፤ እርሱ የተጀመረው በ2007 ነው። ሆኖም ኬንያ በጥቂት ዓመታት ስትገሰግስ ፊሊፒንስ ከአሥር ዓመት በላይ ባለችበት ቆየች። ሁለቱ ትልልቅ የስልክ ኩባንያዎች ገበያውን ተካፍለው የአንዱ ገንዘብ ወደ ሌላው አይሻገርም ነበር፤ ወኪል ለመሆን የሚጠየቀው ምዝገባና ሥልጠና ለትንሽ ሱቅ ከባድ ነበር፤ በየገበያው ያሉት የመያዣ ቤቶችም ሐዋላውን አጥጋቢ በሆነ መንገድ ይሠሩት ስለነበር ሰው ለመለወጥ አልቸኮለም። አንድ አገር ቀድሞ ስለጀመረ ብቻ ቀድሞ አይደርስም።

መንገዱን የከፈተው የማዕከላዊ ባንኩ ሥራ ነው። ባንኩ ማንኛውም ባንክና ማንኛውም ዋሌት እርስ በርስ እንዲገናኙ የሚያስገድድ ሥርዓት ዘረጋ። ፔሶኔት የተባለው በኅዳር 2017፣ ወዲያውኑ የሚደርሰው ኢንስታፔይ ደግሞ በ2018 ሥራ ጀመሩ፤ በዚያው ዓመት የብሔራዊ ክፍያ ሥርዓት ሕግ ወጣ፤ በ2019 ለሁሉም ዋሌት አንድ ዓይነት የሆነው፣ በስልክ ካሜራ ተነብቦ የሚከፈልበት ኪውአር ፒኤች የሚባለው ኮድ ተከተለ። ከዚያ በመጋቢት 2020 የኮሮና እገዳ መጣ፤ ሰው ከቤቱ መውጣት ሲከለከል ስልኩ ላይ ዋሌት ከፈተ። ማዕከላዊ ባንኩ ባደረገው ጥናት በ2019 የፋይናንስ ሒሳብ የነበራቸው አዋቂዎች 29 በመቶ ብቻ ሲሆኑ በ2021 56 በመቶ ደረሱ፤ የሞባይል ገንዘብ ሒሳብ ያላቸው ለብቻቸው ከ8 ወደ 36 በመቶ ዘለሉ። ከችርቻሮ ክፍያዎች ውስጥ በዲጂታል የተፈጸሙት በቁጥር ሲታዩ በ2013 1 በመቶ፣ በ2018 10 በመቶ፣ በ2023 ደግሞ 52.8 በመቶ ነበሩ። ይህን አሃዝ ሲያነቡ ግማሹ ሕዝብ ጥሬ ገንዘብ መያዝ ተወ ማለት እንዳልሆነ ልብ ይበሉ። የሚቆጠረው የክፍያው ብዛት ነውና በማኒላ ያለ አንድ ወጣት በቀን አሥር ጊዜ ሲከፍል በደሴት ያለች እናት አንድ ጊዜ እንኳ ላትከፍል ትችላለች።

አሁን የጓደኛዎ ቤተሰቦች ወደሚገዙበት ሱቅ እንግባ። እኔ ያየሁትና ብዙ ሰዓት የተቀመጥኩበት ሱቅ ቦሆል ከተባለችው ትልቅ ደሴት ማዶ ባለች አንዲት ትንሽ ደሴት ላይ ነበር፤ የእነርሱም ከዚህ ብዙ የሚለይ አይመስለኝም። መስኮቱ በብረት ፍርግርግ የተሸፈነ ነው፤ የሻምፑና የቡና ከረጢቶች ተያይዘው እንደ መጋረጃ ተንጠልጥለዋል፤ ገዢው በሳንቲም ፍርግርጉን ኳ ኳ አድርጎ «ይሽጡልኝ» ይላል። ከፍርግርጉ በስተጀርባ መስታወቱ የተሰነጠቀ አንድ ስማርት ስልክ ከባትሪ ማጠራቀሚያ ጋር ተያይዞ ተቀምጧል፤ ከአጠገቡ በልጅ ደብተር ላይ በእስክሪብቶ የተሠመሩ ዓምዶች አሉ፤ ቀን፣ ስልክ ቁጥር፣ መጠን፣ የግብይቱ መለያ ቁጥር፣ ፊርማ። አንዲት ሴት መጥታ 3,000 ፔሶ ወደ ባለሱቋ ዋሌት ስታስተላልፍ ባለሱቋ መልእክቱ በራሷ ስልክ ላይ እስኪመጣ ጠብቃ፣ የመለያ ቁጥሩን በደብተሯ ጽፋ፣ ከዚያ ብቻ ከቆርቆሮ ሣጥኗ ገንዘብ ቆጠረች። ለእያንዳንዱ 1,000 ፔሶ 10፣ 15 ወይም 20 ፔሶ መውሰድ በየሰፈሩ የተለመደ ነው። ሴትየዋ ከተቀበለችው ላይ የዱቤ ዕዳዋን ከፈለች፤ ሩዝ አስመዘነች፤ የቀረውን በጉያዋ ይዛ ሄደች።

ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ባለሱቋ ምን እንደደረሰባት እንይ። ጠዋት በሣጥኗ 10,000 ፔሶ ጥሬ ገንዘብ፣ በስልኳ ደግሞ ጥቂት ነበራት እንበል። በደመወዝ ሰሞን ሦስት አራት ሰዎች ከውጭ የተላከላቸውን ሲያወጡ ሣጥኑ ባዶ ይሆናል፤ ስልኩ ይሞላል። ሀብቷ አልቀነሰም፤ አምስተኛው ሰው ሲመጣ ግን «የለኝም» ከማለት ሌላ ምርጫ አይኖራትም። በደሴት ላይ ገንዘብ የሚፈስሰው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፤ በስልክ ይገባል፣ በጥሬ ገንዘብ ይወጣል። ስለዚህ የእርሷ እውነተኛ ሥራ በየቀኑ ስልኳ ላይ የተከማቸውን ቁጥር ወደ ጥሬ ገንዘብ የምትመልስበትን መንገድ መፈለግ ነው፤ ከዚህ ሁሉ ታሪክ እርስዎ በተለይ እንዲይዙልኝ የምፈልገው ይህን ነው።

እርሷ ያገኘቻቸው መንገዶች ከአንድ በላይ ናቸው። የጎረቤቶቿን የመብራትና የብድር ክፍያ በዋሌቷ ትከፍልላቸውና ከእነርሱ ጥሬ ገንዘብ ትቀበላለች። የአየር ሰዓትና ዳታ ትሸጣለች፤ በስልኳ ያለው ይቀንሳል፣ በሣጥኗ ያለው ይጨምራል። ከተማ ትምህርት ቤት ላለ ልጁ መላክ የሚፈልግ አባት ጥሬ ገንዘብ ይሰጣታል፤ እርሷ ከስልኳ ትልክለታለች። ከሁሉም የሚበልጠው ግን በከተማ ያለው አከፋፋይ የዕቃውን ዋጋ በስልክ መቀበሉ ነው። የሩዙንና የዘይቱን ሒሳብ በዋሌት ትከፍላለች፤ ዕቃው በጀልባ ይመጣል፤ ዕቃው ተሸጦ ጥሬ ገንዘብ ይሆናል፤ ጥሬ ገንዘቡም ለቀጣዩ ሐዋላ ተቀባይ ይደርሳል። ሩዙ ራሱ ገንዘብ ማጓጓዣ ሆነ ማለት ነው። አከፋፋዩ በስልክ አልቀበልም ባለ ጊዜ ግን በሳምንት ሁለት ጊዜ በጀልባ ተሻግራ፣ በቦርሳ ጥሬ ገንዘብ ይዛ በባሕር ላይ መመለስ ነበረባት፤ ይህ ወጪም ፍርሃትም ነው።

ከዱባይ እስከ ሱቋ ያለው መንገድ ከዚህ አንፃር ሲታይ ቀላሉ ክፍል ነው። ጓደኛዎ ድርሃም ስትከፍል በዚያች ሌሊት ባሕር የሚሻገር ገንዘብ የለም። የሐዋላ ድርጅቱ በማኒላ ባለ አጋሩ ዘንድ አስቀድሞ ያስቀመጠው ፔሶ አለ፤ ትእዛዙ ሲደርስ አጋሩ ከዚያ ላይ ወደ እህቷ ዋሌት ያዛውራል፤ ሁለቱ ድርጅቶች ሒሳባቸውን በኋላ ይተሳሰባሉ። ፍጥነቱ የሚገኘው ከዚህ ቅድመ ተቀማጭ ነው፤ ድርጅቶቹም ይህን ያህል ገንዘብ አስቀድመው ለማሰር የሚደፍሩት የሚላከው ብዙ ስለሆነ ነው። በ2024 ፊሊፒናውያን ከውጭ የላኩት 38.3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን ይህም ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 8 በመቶ ያህል ነው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ የሥርዓቱን ድካም ሳልነግርዎት ባልፍ ጥፋተኛ እሆናለሁ። ታኅሣሥ 16 ቀን 2021 በፊሊፒንስ ኦዴት የተባለው ከባድ አውሎ ነፋስ መጀመሪያ ሲያርጋኦ የተባለችውን ደሴት መታ፤ ከዚያም ቦሆልንና ሴቡን አቋርጦ አለፈ፤ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። መብራት ለሳምንታት ጠፋ፤ የስልክ ማማዎች ወደቁ። በዋሌቱ ውስጥ ብዙ ሺህ ፔሶ ያለው ሰው አንድ ጠርሙስ ውሃ መግዛት አቃተው፤ የገንዘብ ማውጫ ማሽኖችም መብራትና መስመር ስለሚፈልጉ አብረው ቆሙ። በዚያን ጊዜ ሰውን ያቆየው በቆርቆሮ ሣጥን ያለው ጥሬ ገንዘብና የዱቤ ደብተሩ ነበር። አንዳንድ ባልደረቦቼ ጥሬ ገንዘብ ጨርሶ የሚጠፋበትን ቀን ሲናፍቁ እሰማለሁ፤ አውሎ ነፋስ ባለበት ደሴት ይህን የሚመኝ ሰው የደሴቲቱን ነዋሪዎች አደጋ አላሰበም ብዬ አምናለሁ።

ሌላው ድካም ማጭበርበር ነው። ስልክ ደውለው የማረጋገጫ ቁጥር የሚጠይቁ፣ የሐሰት ሊንክ የሚልኩ፣ በድሃ ሰው ስም የተከፈተ ሒሳብ ገዝተው የሰረቁትን የሚያሳልፉበት ሰዎች በዙ። መንግሥት በጥቅምት 2022 የሲም ካርድ ምዝገባ ሕግ አወጣ፤ ማጭበርበሩ ግን በምዝገባ ብቻ አልቆመም፤ በሐምሌ 2024 ሒሳቡን ለአጭበርባሪ የሚያከራይን ወይም የሚሸጥን ሰው ጭምር የሚቀጣ ሕግ ተጨመረ። ከዚህም የከፋ ሆኖ የሚሰማኝ ቁማሩ ነው። በዋሌቱ ውስጥ ከመብራት ክፍያው አጠገብ የቁማር በር ተከፍቶ የሰው ደመወዝ በሌሊት ሲሟጠጥ ቆየ፤ በነሐሴ 2025 ማዕከላዊ ባንኩ ዋሌቶች ወደ ቁማር የሚያገናኙ ሊንኮችን በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱ አዘዘ። ገንዘብ ለመላክ የቀለለ መንገድ ገንዘብ ለማጣትም እንደቀለለ እናቶች ከእኛ ከባለሙያዎቹ ቀድመው አውቀውታል፤ ልጆቻቸውን እያዩ።

ወደ እርስዎ ሱቅ ልምጣ። በአገራችን ቴሌብር በግንቦት 2021፣ ኤምፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2023 ሥራ ጀምረዋልና የቴክኖሎጂው ጉዳይ አያሳስብዎት። ውድ ስልክ ለመግዛትም አይቸኩሉ፤ ቴሌብር በተራ የቁልፍ ስልክ *127# በመደወል ይሠራል፤ ከደንበኞችዎም ብዙዎቹ የሚይዙት እንዲህ ያለውን ስልክ ይሆናል። ለስልክ ያሰቡትን ገንዘብ ግማሹን ለመነሻ ጥሬ ገንዘብ ቢያስቀምጡት ይጠቅምዎታል፤ ገንዘብ ሊያወጣ መጥቶ ሁለት ጊዜ «የለም» የተባለ ሰው ሦስተኛ ጊዜ አይመጣምና።

ከመክፈትዎ በፊት ግን የመንደርዎን የገንዘብ አካሄድ ያጥኑ። ገንዘብ የሚገባው ከማን ነው፤ ከዓረብ አገር ካሉ ልጆች ነው ወይስ ከአዲስ አበባ? የሚወጣውስ በየትኛው ቀን ነው? የገበያ ቀን ለእርስዎ ትልቅ በረከት ነው፤ ከብት ወይም እህል የሸጠ ሰው ጥሬ ገንዘብ ይዞ ስለሚያድር በስልኩ ላይ ሊያስቀምጥልዎ ይችላል፤ ሣጥንዎ የሚሞላው በዚያን ዕለት ነው። ደሴቲቱ ላይ እንዲህ ያለ ቀን የለም። የዱቤውን ሒሳብና የወኪልነቱን ገንዘብ በአንድ ሣጥን አይቀላቅሉ፤ ብዙ ባለሱቆች የሚወድቁት የወኪልነቱ ጥሬ ገንዘብ ሳያውቁት በዱቤ ስለሚወጣ ነው። ደብተሩንም እንደ ቦሆሏ ሴት ያዙ፤ ደንበኛው በራሱ ስልክ ላይ የሚያሳይዎትን መልእክት ሳይሆን በእርስዎ ስልክ ላይ የደረሰውንና ቀሪ ሒሳብዎ ላይ የታየውን ብቻ ይመኑ።

ከሁሉ አስቀድመው ግን ገና ዱባይ ሳሉ በአንድ ስልክ ሊያጣሩት የሚችሉት ጉዳይ አለ። ወልድያ ውስጥ ዘይት፣ ስኳርና ዱቄት ሊያመጡበት ያሰቡት ጅምላ ሻጭ ማን ነው? የዕቃውን ዋጋ በስልክ ይቀበላል? ሁልጊዜ ነው ወይስ ሲመቸው? በስልክ የሚቀበል ከሆነ የሰበሰቡት የስልክ ገንዘብ ዕቃ ሆኖ መንደርዎ ይገባል፤ ወኪልነቱና ሱቁ ይደጋገፋሉ። በጥሬ ገንዘብ ብቻ እቀበላለሁ ካለዎት በሳምንት ስንት ጊዜ ወልድያ ወርደው ገንዘብ እንደሚያወጡ፣ የመኪናውን ዋጋና ሱቁ የሚዘጋበትን ሰዓት ጨምረው ያስሉ፤ የሚያገኙት ኮሚሽን ይህን ካልሸፈነ ሱቁን ብቻ ይክፈቱ፤ ወኪልነቱን በስልክ የሚቀበል ሌላ ሻጭ እስኪያገኙ ያቆዩት።